የዘይት ግፊት መርዶ

ግዛቸውና የሻረግ ከተጋቡ ዓመት ቢያልፋቸውም ቤታቸው አራት ጎማ ነበረው። እሷ ሮማ፣ ኖሜንታና መንገድ ላይ ከጣሊያናዊት አሠሪዋ ከሲኞራዋ ዘንድ ተቀጥራ እዚያው ታድራለች፤ እሱ ፒኜቶ ሰፈር ውስጥ ከአራት የአገሩ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ይጋራል። አራቱም በትምህርት መጥተው አብዮቱ ያስቀራቸው ስለሆኑ ማታ ማታ ስለ ሰፊው ሕዝብ ይከራከራሉ፤ ሰፊ ክፍል ግን የላቸውም። እንግዲህ ባልና ሚስት የሚገናኙት የሮማ የቤት ሠራተኞች ሁሉ ዕረፍት በሚወጡበት በሐሙስ ከሰዓትና በእሑድ፣ በአሮጌዋ መኪና ውስጥ ነው። እዚያ ይበላሉ፤ እዚያ ይኳረፋሉ፤ እዚያው ይታረቃሉ። የሻረግ ለኋላው መስታወት መጋረጃ ሰፍታለታለች። ጓደኛ ሲሳፈር “ቤት ለእንቦሳ!” ይላል፤ እሷም “እንቦሳ እሰሩ” ብላ ትቀበላለች።

አንድ ሐሙስ የጃኒኮሎን ዳገት ሲወጡ ከመሪው ኋላ ቀይ መብራት በራች።

“ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?” አለች የሻረግ።

“የዘይት ናት። የሞተሩ ዘይት ግፊት ሲወርድ ትበራለች።”

“ታዲያ ወርዷል?”

“ወይ ወርዷል፣ ወይ ደግሞ ሞተሩ ላይ ሆና ግፊቱን ለመብራቷ የምትነግራት ቡልቦ ተበላሽታ ትዋሻለች።”

“ከዋሸችስ?”

“ትቀየራለች። ቀላል ነው።”

“እውነቷን ከሆነስ?”

ግዛቸው መኪናዋን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ። እውነቷን ከሆነ ሞተሩ አልቋል፤ እነሱ ደግሞ ሞተር የሚያስለውጥ አቅም የላቸውም። ቤታቸው ፈረሰ ማለት ነው።

“እግዚአብሔር ያውቃል” አለች የሻረግ፣ ወደ መስኮቱ ዞራ።

እንዲህ ስትል ወንድሟን እያሰበች እንደሆነ ግዛቸው ይጠረጥራል። ታናሽ ወንድሟ ኃይለ አዲስ አበባ ላይ ታፍሶ ከታሰረ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ግን “እንዴት ነሽ?” ባላት ቁጥር “እግዚአብሔር ይመስገን” ትለዋለች፤ ይህን መልስ ደግሞ እንኳን ባል፣ የቀበሌ መርማሪም አያልፈው።

የፒኜቶ ክፍል ጉዳዩን በአጀንዳ ያዘው። አንዱ “ቀይ ከሆነች ተራማጅ ናት፣ አትንኳት” አለ። ሁለተኛው “አምፖሏን ንቀላት፤ መንግሥታችንም የሚያደርገው ይህንኑ ነው” ብሎ መከረ። ሦስተኛው ለጊዜው አቋም አልያዘም። አራተኛው ሃብተማርያም፣ የዘርአ ክህነት፣ የቅስና ትምህርቱን አቋርጦ የወጣ ነው። እዚያ ሳለ የካህናቱን መኪና ሲነዳና ሲጠግን ስለኖረ፣ ሞተርን እንደ ተነሳሒ ነው የሚያናግረው።

“ቡልቦዋን እንቀይርለት” አለ። “ግን በእሷ ብቻ አናምንም። መብራት አዎና አይደለም እንጂ ሌላ ቃል አያውቅም። ባለ ቀስት የግፊት መለኪያ፣ ማኖሜትሮ እንጨምርበት፤ ምን ያህል እንደሆነ ይናዘዝ!”

የቀድሞ መምህሩ አባ ወልደ ተንሣኤ እሱ የተማረበትን የካህናት ኮሌጅ ግቢ ፈቀዱላቸው። ግዛቸው ቀን ቀን ሥራ ስላለው ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ጀመሩ። አሮጌዋን ቡልቦ ፈትተው በቦታዋ ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያ አሰሩ፤ በአንዱ አፍ አዲሷን ቡልቦ፣ በሌላው የማኖሜትሮውን ቀጭን የመዳብ ቧንቧ። አባ ባትሪ ያበሩላቸዋል።

“ዘይቱ በዚህች ክር በምታህል ቧንቧ ነው እንዴ እስከ መሪው የሚመጣው?”

“አዎ አባ። ራሱ መጥቶ ይመሰክራል” አለ ሃብተማርያም።

ግዛቸው ቁልፉን አዞረ። ቀስቱ ተንቀጠቀጠ፣ ወጣ፣ ከመሀል አለፍ ብሎም ቆመ። ቀይዋ ጠፋች፤ የዋሸችው አሮጌዋ ቡልቦ ነበረች ማለት ነው። አባ አማተቡ።

“በል ሳትውል ሳታድር ሂድና ለሚስትህ ንገራት” አሉት። “እዚያው ሰፈር ለመነኮሳይያቱ ቅዳሴ አለኝ፤ እኔንም በዚያው ታደርሱኛላችሁ።”

ሦስቱ ሰዎች ከሲኞራዋ ደጅ ተሰልፈው ደወሉ። አባ በጥቁር ቀሚሳቸው፣ ሃብተማርያም በጥቁር ካፖርቱ፣ ግዛቸው ዘይት የጠጣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ። እንዴት እንደሚታዩ አንዳቸውም አላሰቡም።

የሻረግ ሽርጧን እንዳሸረጠች ከፈተች። ማለዳ ነው። ቄስ ቆመዋል። ባሏ በማክሰኞ መጥቷል። በአገሯ መርዶ የሚረዳው እንዲህ ነው፤ ጎረቤት ሳይነቃ፣ ትልቅ ሰው ተይዞ፣ ደጅ ተቁሞ።

“እንደምን አደርሽ፣ ልጄ” አሉ አባ፣ ሲኞራዋ እንዳትነቃ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

“ኃይለዬ!” ብላ ጮኸች። “ወንድሜን! ወንድሜን!” ደረቷን እየመታች ደረጃው ላይ ወደቀች።

“ኧረ ዘይቱ ነው!” አለ ሃብተማርያም ተደናግጦ። “ዘይቱ ደህና ነው!”

“ማንም አልሞተም፣ ልጄ! መኪናዋ ናት፤ ድናለች!”

ከላይ መስኮት ተከፈተ። “ኬ ሱቼዴ?” ብላ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀች ሲኞራዋ።

“ኒየንቴ፣ ሲኞራ! ማኖሜትሮ!” አለ ግዛቸው፣ ምንም የለም ከማለት በቀር ሌላ ቃል ጠፍቶት።

የሻረግ ቀና ብላ አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ የባሏን ደረት በቡጢ ትለው ጀመር። “አንተ ጉድ! መኪና ድናለች ለማለት ቄስ ይዘህ ትመጣለህ? ገደልከኝ እኮ!” ሳቀች። ሳቁ ቆመ፤ እንባው ግን አልቆመም። ግዛቸው ልብሷን እንዳያቆሽሽ በክርኖቹ አቀፋት።

“ደወል በተደወለ ቁጥር የእሱ መርዶ ነው የሚመስለኝ” አለች በለሆሳስ። “ሥጋ ሻጩም ይደውል፣ ፖስተኛውም።”

“ለእኔ እንኳ ምነው ሳትነግሪኝ?”

“ያለን የሐሙስ ግማሽ ቀንና እሑድ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ደግሞ ለቅሶ ልጨምርበት?”

ግዛቸው በክርኖቹ ጠበቅ አድርጎ ያዛት።

“ሞተሩ ግን እውነት ደህና ነው?” አለች አፍንጫዋን በሽርጧ ጠርጋ።

“ነይ እይው።”

“የሻረግ! አሎራ?” አለች ሲኞራዋ ከላይ፣ ምን እንደሚያቆያት ግራ ገብቷት።

“ኡን ሞሜንቶ፣ ሲኞራ!” ብላ አንድ አፍታ ለምና በነጠላ ጫማዋ መኪናው ውስጥ ገባች። አባ የሃብተማርያምን ክንድ ያዙ። “እኛ በእግራችን እንሂድ፤ ሩቅ አይደለም” አሉት።

ሞተሩ ተነሣ፤ ቀስቱም ወጣ። የሻረግ አፍጥጣ አየችው።

“አሁን ስለ ኃይለ ንገሪኝ” አላት ግዛቸው። “ከልጅነቱ ጀምረሽ።”

“ማክሰኞ እኮ ነው ዛሬ።”

“ይሁን።”

“ገና ዳዴ ሲል ጀምሮ ረባሽ ነበር” አለች።