ባልሽ መጥቶ ይፈርም

በፈረንጆች 1993 ጸደይ፣ አሽቀሎን ውስጥ ባለ አንድ የምዝገባ ቢሮ፣ ጸሐፊዋ ወረቀቱን ወደ ይርገዱ መልሳ ገፋችው።

«እዚህ ላይ ባልሽ መጥቶ ይፈርም» አለቻት።

ይርገዱ ዕብራይስጡ ገና ባይገራላትም ይህችን ቃል አሳምራ ታውቃታለች። ዘጠኝ ዓመት ሰምታታለች። ባሏ ፈረደ ከጎንደር ወጥተው ሱዳን በደረሱ በሦስተኛው ወር፣ ካምፕ ውስጥ በተቅማጥ ሞቷል። አልተለቀሰለትም፤ ጩኸት አይሁድነታቸውን ገልጦ ያስይዛል ተብሎ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነው ያስቀበረችው። እስራኤል ስትገባ መዝጋቢው የጠየቃትን አስተርጓሚው በምን ቃል እንዳዞረው እንጃ፣ መታወቂያዋ ላይ «ነሱኣ» ተብሎ ተጻፈ። ባለ ባል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቤት ልግዛ ስትል፣ ልጇን ኦስናትን አዳሪ ትምህርት ቤት ላስገባ ስትል፣ የሟቹን ፊርማ ይጠይቋታል።

«ሞቷል» አለች ይርገዱ።

«እንግዲያው የሞት ወረቀት አምጪ» አለች ጸሐፊዋ፣ ቀጣዩን ተራ እየጠራች።

በዚያው ሳምንት ጀምበሩ ግቫት ጺዮን ወዳለው ቤቷ መጣ። ጀምበሩ የፈረደ ታላቅ ወንድም ነው። መቃብሩን በሰሐን የቆፈረው እሱ ነበር፤ አካፋ አልነበረም። እዚህ ከመጣ ወዲህ ዕብራይስጡን ከሁሉም ቀድሞ አቀላጥፎ፣ በሰፈሩ ማትናስ፣ በማኅበረሰብ ማዕከሉ፣ የሕዝቡን ጉዳይ ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚመላለስ የተከበረ ሰው ሆኗል።

«አንድ የፓርላማው፣ የክነሴት አባል ሕግ ሊያቀርቡ ነው» አላት፣ ሳይቀመጥ። «መንገድ ላይ ለሞቱብን ሰዎች ወረቀት እንዳይጠየቅ፤ የአገር ሽማግሌ ቃል እንዲበቃ። ግን ሕጉ እንዲያልፍ ከሕዝቡ ድምፅ መሰማት አለበት። ደብዳቤ፣ ስልክ። አንቺ ሴቶቹን አስነሺልኝ።»

«እኔን ማን ይሰማኛል ጋሼ?»

«አንድ ጠጠር ጋን ይደግፋል» አላት።

ይርገዱ ጠዋት ጠዋት ሺምሾን ሰፈር በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ አንሶላ ታጥባለች። ከሥራ ስትወጣ እግሯ ሳያርፍ በየደጁ መዞር ጀመረች። እንደሷ ባላቸውን በረሃ አስቀርተው «ባለ ባል» የተባሉ አሥራ አራት ሴቶች አገኘች። አንዳንዶቹ ፈሩ። አንዷማ በሩን በግማሽ ከፍታ፣ «የመንግሥትን ሰው መነካካት ምን ያመጣል? መታወቂያችንን ቢቀሙንስ?» አለቻት።

ከሁሉም ያስቸገረቻት ፋንታነሽ ነበረች፤ ከአንድ ቀበሌ የመጣች፣ የክፉ ቀን ጓደኛዋ።

«የእኔ ሰውዬ ሲሞት ያዩት ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ካምፕ ውስጥ ሞተዋል» አለች ፋንታነሽ። «ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ይኸንኑ ጻፊ። ሕጉ ያየ ብቻ አይልም፤ የሰማ ሽማግሌም ይበቃል ነው የሚለው።»

«ማን አለሽ?»

«ጋሼ ጀምበሩ።»

«እሱ ካለሽ ይሁን» አለች ፋንታነሽ።

አንድ ሰንበት ካለፈ በኋላ ሴቶቹ የይርገዱ ሳሎን ውስጥ ተሰበሰቡ። እያንዳንዷ የራሷን በራሷ አፍ ትናገራለች፤ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ኦስናት በዕብራይስጥ ትጽፋለች። ስለ ሕግ ብዙ የተናገረ አልነበረም። አንዷ ባሏ ሲሞት የለበሰውን ሸሚዝ ቀለም አጻፈች። ሌላዋ፣ ሲሞት ነፍሰ ጡር እንደነበረች። ኦስናት የአባቷን ስትጽፍ ቀና አላለችም። ከዚያ ደግሞ አንድ ዐረፍተ ነገር አስጠናቻቸው፦ «ስሜ እንዲህ ነው፣ ባሌ ሱዳን ሞቷል፣ እባክዎ ሕጉን ይደግፉ።» እንደ ጸሎት በቃላቸው ያዙት። ከሕንፃው ሥር ካለው የሕዝብ ስልክ ፊት ተሰልፈው፣ በየተራ ወደ ክነሴት አባላቱ ቢሮ ደወሉ። ፋንታነሽ ከድንጋጤዋ ብዛት፣ የቢሮዋ ሴትዮ ስልኩን ከዘጋች በኋላም እስከ መጨረሻው ደገመችው። ያን ቀን ብዙ ተሳሳቁ።

በሰኔ ሕጉ የሚታይበት ቀን ደረሰ። ጀምበሩ አውቶቡስ አስመጥቶ ኢየሩሳሌም ወሰዳቸው። ኦስናትም ከትምህርት ቀርታ አብራ ሄደች። ሴቶቹ ነጫጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው በክነሴት የኮሚቴ ክፍል ግድግዳ ሥር ተቀመጡ። ሰብሳቢው ጥቂት ወረቀት ካገላበጡ በኋላ ወደ ጀምበሩ ዞሩ።

ጀምበሩ ተነሣ። ክራቫቱን አስተካክሎ በዕብራይስጥ ረጅም ንግግር አደረገ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር። «ሱዳን» ሲል ሰሙት፤ «አክብሮት» የሚለውንም ቃል ለዩት። ሴቶቹ ልክ ልክ ነው እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፋንታነሽ ወደ ይርገዱ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «አንደበቱስ፣ ይባረክ» አለች።

የኦስናት ፊት ልውጥ አለ።

«እማ፣ ራስሽን አትነቅንቂ» አለቻት።

«ምነው?»

«ሕጉ ይቅር እያለ ነው። ማኅበረሰባችን አይቸኩልም፣ ሁሉም አንድ በአንድ በልዩ ኮሚቴ ይታይ፣ ያየ ምስክር ያለው ይቅረብ ነው የሚለው።»

ሰብሳቢው በፈገግታ ወደ ሴቶቹ እያዩ አንድ ነገር ተናገሩ። ኦስናት ተረጎመችው፦ «እናቶችም እንደሚስማሙ አያለሁ አሉ።»

ይርገዱ ተነሣች። «እኛ አልተስማማንም» አለች በአማርኛ። «ያየ የሌለው ምን ይሁን? ፋንታነሽ የት ትሂድ? እኛ የለመንነው ሌላ ነው።»

ሰብሳቢው ምን አለች ብለው ጀምበሩን ጠየቁት። ጀምበሩ አይኑን መሬት ላይ ተክሎ አጭር ነገር መለሰ። ሰብሳቢው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለይርገዱ ጎንበስ አሉላት።

«ታመሰግናለች አለ!» አለች ኦስናት፤ ከዚያም ብድግ ብላ በዕብራይስጥ ጮኸች። ሰብሳቢው ግን ወረቀታቸውን መሰብሰብ ጀምረው ነበር፤ ሌላ ጉዳይ ያላቸው ሰዎች በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ዘበኛው በትሕትና ወደ ውጭ ሸኛቸው።

በመልሱ አውቶቡስ ላይ ጀምበሩ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጦ ነበር። አሽቀሎን ደርሰው ሴቶቹ ሲወርዱ ይርገዱ ወደ ኋላ ቀርታ ፊቱ ቆመች።

«ምነው ጋሼ? ምን አደረግንዎት?»

«ተቀመጪና ልንገርሽ» አለ። «ሕጉ እንደሆነ አያልፍም ነበር፤ ጥምር መንግሥቱ ይፈርሳል ብለው ፈርተውታል። በኅዳር የከተማው ምርጫ አለ። ፓርቲው ዝርዝሩ ላይ ቦታ ሊሰጠኝ ነው። ከኛ አንድ ሰው ውስጥ ቢገባ ከአሥራ አራት ደብዳቤ አይሻልም?»

«ለእርስዎ ይሻል ይሆናል።»

«ለአንቺም ነው እንጂ። ያንቺ ፋይል እኮ አልቋል። ቃል አስገብቻቸዋለሁ። ልዩ ኮሚቴው ይጠራሻል፣ እኔ እመሰክራለሁ፣ በቃ።»

ይርገዱ ለባሏ ወንድም አንቱታን ሳትነፍግ ነው የኖረችው።

«አንተ» አለችው። «ወንድምህን በዚህ ሸጥከው?»

መልሱን ሳትጠብቅ ወረደች።

መጥሪያው በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ኦስናት በዕብራይስጥ፣ «ከሄድሽ አላናግርሽም» አለቻት። ይርገዱ ሦስት ቀን አሰበች። ፈረደ ሞቷል የሚል አንድ ወረቀት በዓለም ላይ የለም፤ እንዳልኖረም እንዳልሞተም ሆኖ ቀርቷል። በአራተኛው ቀን ሄደች።

ጀምበሩ ቀድሟት ነበር። ቃሉን ሲሰጥ እውነት ነው የተናገረው። ስለ ሰሐኑ፣ ስለ መሬቱ ድርቀት፣ የወንድሙን እግር እሱ እንደያዘ፣ ራሱን ማን እንደያዘ። መሐል ላይ ድምፁ ተቆርጦ አለቀሰ፤ ውሃ ሰጡት። እንባው የውሸት አልነበረም። ይርገዱን ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ይኸው ነበር። ውሸት ቢሆን በጠላችው። ፈረሙላት። መታወቂያዋ ላይ «ነሱኣ» የሚለው ተፍቆ «አልማና» ተባለ፤ የሞተባት።

ከቢሮው እንደወጣች ወሬው ሳይቀድመኝ ብላ በቀጥታ ወደ ፋንታነሽ ቤት ሄደች። በር ላይ እንደቆመች ሁሉንም ነገረቻት።

ፋንታነሽ የምታጥፈውን ልብስ ከእጇ አልለቀቀችም። «ከመሄድሽ በፊት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ትከለክዪኛለሽ ብዬ።»

«አልከለክልሽም ነበር። አብሬሽ እሄድ ነበር» አለች ፋንታነሽ። «ያየ እንኳ ባይኖረኝ፣ እዚያ ተቀምጬ እንዲያዩኝ።»

የሰፈሩ ሰው ደግሞ ብዙ የሚለው ነበረው። የባሏ ወንድም ሕጉን የሸጠው ለእሷ ብሎ ነው ተባለ። በየደጁ የዞረችው ለራሷ ወረቀት ነው ተባለ። በነሐሴ ፋንታነሽ በቃሏ የያዘችውን ዐረፍተ ነገር ይዛ፣ ሴቶቹን እንደገና ለማስጻፍ ደረጃ ለደረጃ ስትዞር ታየች። ከግራ ያለውን በር አንኳኳች፣ ከቀኝ ያለውን አንኳኳች፤ የይርገዱን አለፈችው።

በዚያ ቀን ይርገዱ ኦስናትን ጠርታ፣ «ብዕር አምጪ» አለቻት።

«ለማን?» አለች ኦስናት በዕብራይስጥ።

«ሕጉን ላቀረቡት ሰውዬ። ያን ቀን ታመሰግናለች የተባለችው እኔ ነኝ በያቸው። ያልኩትን ቃል በቃል ጻፊ። ወረቀቱ እንዴት እንደተሰጠኝም ጻፊ።»

ኦስናት ከመጥሪያው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ መለሰችላት። «ወረቀቱን ቢወስዱብሽስ?»

«ይውሰዱ። የጀምበሩንም ስም ጻፊ።»

መልሱ ከአንድ ወር ተኩል በኋላ መጣ። አራት መስመር ነበር። ኦስናት ቆማ አነበበችው፦ ደብዳቤዎ ደርሶናል፤ ስለ ትጋትዎ እናመሰግናለን፤ ጉዳዩን በቅርብ እንዲከታተሉት ለማኅበረሰቡ ተወካይ ለአቶ ጀምበሩ አስተላልፈናል።

ይርገዱ እንድትደግምላት ጠየቀቻት። ኦስናት ደገመችው። ከዚያ ይርገዱ ወረቀቱን አጥፋ ወደ ፋንታነሽ ቤት ሄዳ፣ የተጻፈውን ነግራት በእጇ ሰጠቻት። ፋንታነሽ ፊደሉን ባታነብም ወረቀቱን ገልጣ ለረጅም ጊዜ አየችው። ግቢ አላለቻትም። በሩንም አልዘጋችባትም።

«ይኸን ለእኔ ተይልኝ» አለቻት፣ እንደገና ካስጻፈቻቸው የሴቶቹ ደብዳቤዎች ጋር ልታስቀምጠው።