ጦጣ ያልነካው ፍሬ

ዛፉን ሊቆርጥ የተቀጠረው ደበሌ መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሊያሳርፍ ሲል በለጥሽ "ቆይ!" ብላ ክንዱን ያዘችው። ከእግሩ ሥር የተገመጠ ፍሬ ወድቋል። አነሳችው። ልጣጩ አረንጓዴ፣ ውስጡ ነጭ፣ ቡጢ የሚያክል። በግማጩ መሐል ቀጭን መስመር ሳይነካ ቀርቷል። በዚህ ግቢ የፊት ጥርሷ ፍንጭት የሆነች አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ልጇ ኑሃሚን።

ዛፉን የተከሉት ቤቱን የሸጡላቸው ሰዎች ናቸው። በለጥሽ አቮካዶ መስሏት ስድስት ዓመት ውኃ ስታጠጣው ኖረች። ዘንድሮ ሲያፈራ ግን አቮካዶ አልሆነም። ቅጠሉ እንደ እጅ ጣት የተዘረጋ ነው። ጉሎን አስታወሳት፤ የጉሎ ፍሬ መርዝ መሆኑን ደግሞ ትምህርት ቤት ሳለች ተምራለች። ይባስ ብሎ ከጫካው እየወጡ የሰፈሩን ማንጎ የሚጨርሱት ጦጣዎች ይህን ዛፍ ዘለውት ያልፋሉ። ለማስቆረጥ የወሰነችውም ጦጣ የፈራውን ነገር ግቢዬ ውስጥ አላቆምም ብላ ነው።

እየሮጠች ወደ ቤት ገባች። ኑሃሚን ከቀኑ በስምንት ሰዓት ደብተሯን ደረቷ ላይ እንዳደረገች እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወስዷታል። ያቺ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ጭንቀት ሌሊቱን እንኳ እንቅልፍ የነሳት ልጅ!

"ኑሃሚን! ከዛፉ ስንት በላሽ?"

"ሁለት... እማ፣ ይጣፍጣል እኮ" አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

ከበሩ ላይ ሆኖ ስለ ጣዕሙ የሰማው ደበሌ፣ ሐኪሙ ምን እንደበላች መጠየቁ አይቀርምና ቅጠሉንም ፍሬውንም ይዛ እንድትሄድ መከራት። በለጥሽ አንድ ቅርንጫፍ ገነጠለች፤ ሁለት ፍሬ ፌስታል ውስጥ ከተተች፤ ልጇን ደግፋ ወጣች። ገና ከአጥሩ ሳትርቅ ጉሉኮሱ ሲንጠለጠል፣ ነርሷም የእሷን ዐይን ላለማየት አንገቷን ስትደፋ በሐሳቧ ታያት።

ባጃጅ የሚጠበቀው ከረሒማ ፍራፍሬ ቤት ፊት ለፊት ነው። ረሒማ የላንቴ ሙዝ እየደረደረች ነበር። ቅርንጫፉን ስታይ እጇ ቆመ።

"የኑሃሚን እናት፣ ካዝሚሩን ከየት አመጣሽው?"

"ምኑን?"

ረሒማ ተቀብላት ቅጠሉን መዳፏ ላይ ዘረጋችው። "ጉሎ መስሎሽ ነው አይደል? ጉሎ አንድ ቅጠል ነው፤ ጫፍ ጫፉ ነው የተሰነጣጠቀው። ይሄኛው እስከ ሥሩ የተለያየ ነው። ቁጠሪው፤ አምስት ቅጠል ባንድ ዘንግ።" ፍሬውን በቢላዋ ለሁለት ከፈለችው። "ሐረር አጎቴ ግቢ ነበር። ዘሩን ብቻ እንዳትበሉ።" ይህን ብላ ነጩን በማንኪያ እየዛቀች መብላት ጀመረች።

"ጦጣ እንኳ አይነካውም እኮ" አለች በለጥሽ።

"ጦጣዋም እንዳንቺ አላወቀችውማ።"

"ታዲያ ልጄ በቀን ምን አስተኛት?"

"እንቅልፍ ያመጣል ይባላል። አጎቴ ከምሳ በኋላ አንድ ይበላና እስከ አሥር ሰዓት ያንኮራፋ ነበር።"

እናቷ ትከሻ ላይ ያንቀላፋችው ኑሃሚን ነቅታ የቀረውን ግማሽ ከረሒማ ተቀበለች። ባጃጁ መጥቶ ጡሩንባ ነፋ፤ በለጥሽ በእጇ ምልክት ሰጥታ አሳለፈችው። ወደ ቤቷ ግን አልተመለሰችም። ሎሚ የምትመርጥ መስላ ሩብ ሰዓት ያህል አንዴ የልጇን፣ አንዴ የረሒማን ፊት ስታጠና ቆየች። ረሒማ ሦስት ደንበኞች ሸኘች፤ ከአንደኛው ጋርም ደህና አድርጋ ተጨቃጨቀች።

"አልሞትኩም" አለቻት በመጨረሻ። "ሎሚውን ልመዝንልሽ?"

የግቢያቸውን በር ሲከፍቱ ደበሌ ዛፉ ሥር በጀርባው ተዘርሯል። ባርኔጣው ፊቱን ሸፍኖታል፤ አጠገቡ ልጣጭ ወድቋል። በለጥሽ ሮጣ አጠገቡ ደረሰች። ከዚያ ማንኮራፋቱን ሰማች። ኑሃሚን አፏን ይዛ ሳቀች።

በለጥሽ ድምፅ ሳታሰማ መጥረቢያውን ከጎኑ አነሳችና ወስዳ ጓዳ በር ኋላ አቆመችው። ተመልሳም ከዝቅተኛው ቅርንጫፍ አንድ የበሰለ ፍሬ ቀጠፈች። ዘሩን አንድ በአንድ አወጣች፤ ቆጠረች፤ የቀረ እንዳይኖር ደግማ አየች። ከዚያ በላችው። እውነትም ይጣፍጣል።

ኑሃሚንን ከወለደች ወዲህ ቀን አልጋ ላይ ወጥታ አታውቅም። ጫማዋን አውልቃ ጋደም አለች።

"አሥር ሰዓት ላይ ቀስቅሺኝ" አለቻት ልጇን።

ትራሱን አስተካክላ ዐይኗን ጨፈነች።

"ተይው፣ ግድ የለም። ራሴ እነቃለሁ።"