እማማ ያልተናገሩት

ተማሪዎቹ «ሰበር ዜና» ይሉታል፤ ፊት ለፊቱ ሳይሆን ዞር ሲል። የኮሙኒኬሽን መምህር ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ያስተማረው፣ ሦስት መጽሐፍም የጻፈበት ነገር አንድ ነው፤ የተጻፈ አይነበብም፣ የተወራ ግን ሳይጠሩት ቤት ድረስ ይመጣል። እውነቱን ለመናገር ሦስቱን መጽሐፎቹንም ያነበበ የለም። እሱ ይህንንም ለሐሳቡ ማስረጃ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ሙሉ ፕሮፌሰር ለመሆን የቀረው አንድ ጥናት ነው። ለዚያ ማዕረግ ዘጠኝ ዓመት ደጅ ጠንቷል፤ ሚስቱ ቸኩላ ያሠራችለት «ፕሮፌሰር» የሚል የበር ሰሌዳ አልጋ ሥር አቧራ እየጠጣ ነው። ስለዚህ አንድ ወሬ ለቆ ፍጥነቱን በሰዓት ሊለካ ተነሣ። የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴው «በሰው ስም አይሆንም፤ ከፈለግህ በራስህ አውራ» አለው። ቅጹ ላይ «አጥኚው ሥራውን ለቆ ሊሄድ ነው» ብሎ ሞላ። አምስት ቢሮ አዙሮም አምስት ማኅተም አስመታበት።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሻይ ቤቱ ገባ። እማማ ከተማሪነቱ ጀምሮ ሻይ የቀዱለት ሴት ናቸው፤ በግቢው ጆሯቸው የማይደርስበት ወሬ የለም።

«እማማ፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ። ሥራዬን ልለቅ ነው።»

እማማ የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ። እሱ ሰዓቱን አየ።

ረቡዕ የበሩ ዘበኛ «ወዴት ሊሄዱብን ነው ታዲያ?» ሲለው ሊያቅፈው ምንም አልቀረው። «ሃምሳ ሰዓት!» ብሎ ጻፈ። ሐሙስ ግን የማዕረግ ኮሚቴው ፋይሉን አውጥቶ ወደ ጎን እንዳደረገው ሰማ። ለሚሄድ ሰው ማዕረግ ምን ይሠራለታል? ለባልደረቦቹ «አልሄድም!» ብሎ ማለ፣ ተገዘተ። «ካልሄደ ምን አስማለው?» አሉ። ወሬ ሲያስተባብሉት እንደሚብስ ራሱ ነው በሁለተኛው መጽሐፉ የጻፈው።

በንዴት ሻይ ቤት ገባ። እንዲያወሩለት ብሎ የነገራቸው እሱ መሆኑን ረስቷል።

«እማማ፣ ምነው አፍዎን ቢይዙት!»

«እኔ?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ለወለድኳት ልጅ እንኳ አልነገርኩ! ያ ስታዞረው የከረምከው ወረቀት አለ አይደል? የዲኑ ጸሐፊ አንብባ ናት ለዘበኛው የነገረችው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰማህም?»

እየሮጠ ወደ ማዕረግ ኮሚቴው ሄደ። ሰብሳቢው ከፋይሉ ውስጥ ቅጹን አወጡ።

«ፊርማህ አይደለም?»

«ነው። እስቲ ገጹን ይገልብጡት።»

ገለበጡት። «ይህ ወሬ ለሙከራ የተፈጠረ ሐሰት ነው፤ የሚነገረውም ለሻይ ቤቷ ሴት ብቻ ነው» ይላል። አምስት ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት እስከዚያች ደቂቃ የገለበጠው ሰው አልነበረም።

ሰብሳቢው ሣቁ። «እንግዲያው ፋይልህ ይመለሳል። ጥናቱ ከሠመረ ማዕረጉ ያንተ ነው። የሻይ ቤቷ ሴት ወሬውን በስንት ሰዓት አዳረሱት?»

«ሃምሳ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሷል፤ አልጋ ሥር ያለው ሰሌዳም ታየው። ግን የእማማ ዓይን መጣበት።

«ለማንም አልተናገሩም» አለ። «ያወራው ቅጹ ነው። ጥናቴ ወድቋል።»

ሰብሳቢው «በል ለከርሞ» ብለው ፋይሉን ዘጉት።

ወደ ሻይ ቤት ወረደ። «እማማ፣ አልሄድም። ከመጀመሪያውም ውሸት ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

እማማ በያዙት የዕቃ ጨርቅ ትከሻውን መቱት። «አንተ ጉድ! አራት ቀን እህል አልቀመስኩም እኮ! ሁለተኛ ሚስጥር ይዘህ እንዳትመጣብኝ!» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይሄንንስ መናገር ይቻላል?» አሉት።

«ይቻላል።»

ሦስተኛ ፎቅ ቢሮው ሲደርስ ሁለት ተማሪዎችና የጽዳት ሠራተኛዋ በሩ ላይ ቆመው «እንኳን ቀሩልን!» አሉት። ስልኩ ጮኸ፤ የበሩ ዘበኛ ነው፤ እሱም «እንኳን ቀሩልን!» አለ። ለካ እማማ ሲፈቀድላቸው እንዲህ ናቸው። ያን ሁሉ አራት ቀን ለእሱ ሲሉ አፍነውት ኖሯል። ሆዱ ባባ፤ ሰዓቱንም ማየት ረሳ።