የወዳጆ ስምንት ልጆች

ወዳጆ በዕድሜው የወለደው አንዲት ልጅ ብቻ ነው፤ እስከዳርን። መንግሥት ግን ስምንት ልጆች እንዳሉት ያውቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት የበልጉ ዝናብ ከዘመሮ ከተማ በላይ ያለውን ደጋ ረስቶት አለፈ። እንደ ምንም የበቀለችውንም ገብስ ውርጭ ጠበሳት። በዚያ ላይ የእህል ዋጋ ሰማይ ወጣ፤ አምና አንድ በግ ይገዛው የነበረውን እህል ዘንድሮ ሦስት በግ አልገዛ አለ። ግንቦት ላይ የእርዳታ ስንዴ ሊመጣ ነው ተባለ። የሚታደለውም በቤተሰብ ቁጥር ነው።

ወዳጆ ይህን እንደሰማ ጋቢውን ደርቦ ጎረቤቱ አባይነህ ዘንድ ሄደ። አባይነህ ዘጠኝ ልጆችና ሠላሳ በጎች አሉት። በጎቹ ስለበዙ እርዳታው ውስጥ እንደማይገባ አስቀድሞ ተነግሮታል።

«አባይነህ፣ ልጆችህን አውሰኝ» አለው።

«ለእርሻ ነው?»

«ለቆጠራ። ስንዴው ሲመጣ እኩል እንካፈላለን።»

አባይነህ አገጩን እያከከ አሰበ። «ሰባቱን ውሰድ። ትልቁንና ትንሿን ግን አልሰጥም። ትልቁ በጎቹን ይጠብቃል፤ ትንሿ ደግሞ ትናከሳለች።»

የእርዳታው መዝጋቢ በመጣ ጊዜ ሰባቱ ከእስከዳር ጋር ደጅ ላይ ተሰልፈው ጠበቁት። የወዳጆ ሚስት ጥሩሸዋ ፊታቸውን አጥባ፣ ለቤቱ የቀረችውን የገብስ ቆሎ በየእጃቸው አድላቸዋለች። መዝጋቢው አንዱን ጠጋ ብሎ «የአባትህ ስም ማነው?» ሲለው፣ ልጁ ጥቂት አሰበና «የዛሬው ወይስ የድሮው?» አለ።

«የክርስትና አባቱን ማለቱ ነው» አለች ጥሩሸዋ ፈጠን ብላ።

መዝጋቢው የልጆቹን ቁመት እያየ «እነዚህ አራቱ እኩያ ይመስላሉ» አለ።

«መንታ ናቸው» አለ ወዳጆ። «መንታ በመንታ ላይ።»

ሰውዬው መንገድ ይቀረው ነበርና ጽፎ ሄደ። አባይነህም በበኩሉ ሁለት ልጆች ብቻ እንዳሉት አስመዘገበ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የስብሰባ ጥሪ መጣ። ሰው ሁሉ ስንዴው ደረሰ ብሎ ጆንያውን ይዞ ቀበሌው ደጅ ወጣ። የመጣው ግን ትዕዛዙ የሚባል ወጣት የቤተሰብ ምጣኔ ባለሙያ ነበር። በብብቱ አንድ ጥቅል ሥዕል፣ በእጁ ደግሞ መዝገቡን ይዟል።

ሥዕሉን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ድርቅ ከሰማይ ነው፤ ረሃብ ግን ከእኛ ነው! ሰው ይወልዳል፤ መሬት ግን አይወልድም። ሰው ሲበዛ እህል ይወደዳል፤ እህል ሲወደድ ድኻ ይራባል።»

«ብዝኁ ወተባዝኁ፣ ብዙ ተባዙ ያለውስ?» አሉ መምሬ ተክለጻድቅ ከፊት ተቀምጠው።

«አባቴ፣ ያኔ ሁለት ሰው ብቻ ነበር» አለ ትዕዛዙ። መምሬ ጢማቸውን ያዙ።

«ሩቅ ሳንሄድ ከራሳችሁ ላሳያችሁ» ብሎ መዝገቡን ገለጠ። «አቶ አባይነህ! ሁለት ልጅ፣ ሠላሳ በግ። አቶ ወዳጆ! ስምንት ልጅ፤ ጎተራው ባዶ። እስቲ ሁለታችሁም ተነሡ!»

ሁለቱም ተነሡ። ሕዝቡ ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ። አባይነህ ቤተሰቡን በመመጠን አርአያ ተባለና ጥቁር ጃንጥላ ተሸለመ። ወዳጆ አንገቱን ደፋ። የኀፍረት መስሎት ትዕዛዙ አዘነለት፤ ወዳጆ ግን ሳቁን እየዋጠ ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ስንዴው ይበላ ነበር። ትዕዛዙ ግን ደግ ሰው ነውና ወደ ጥሩሸዋ ዞረ። «እትዬ፣ ከእንግዲህ ልጅ ይበቃዎታል። ለሦስት ወር የሚያገለግል መርፌ አለ፤ ጤና ኬላ ብቅ ይበሉ።»

ጥሩሸዋ ከእስከዳር ወዲህ እግዜር ሁለተኛ ልጅ እንዲሰጣት ለአሥራ አራት ዓመት ያልተጠመቀችው ጠበል፣ ያልተሳለችው ስለት አልነበረም። ፊቷ ቀላ።

«ምን አልክ አንተ? ይበቃሻል አልከኝ?»

«መዝገቡ ላይ ስምንት...»

«ታዲያ መዝገቡ ይውለዳቸዋ! እኔ የወለድኩት አንድ ነው! ሰባቱ የአባይነህ ናቸው!»

ወዳጆ ቀሚሷን ጎተት ቢያደርግ አልሰማችም። ከቆሎው እስከ መንታዎቹ ሁሉንም ዘረገፈችው። ሕዝቡ ያፈነውን ሳቅ ለቀቀ። መምሬ ራሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ሳቁ። ትዕዛዙ እድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። አባይነህ ቀስ ብሎ «ጃንጥላውን ልመልስ?» አለው።

ትዕዛዙ ቀና ብሎ ወዳጆን ጠየቀው። «አንድ ልጅ ይዘው ታዲያ ምን አስራበዎት?»

ወዳጆም ያን ጊዜ መቀለዱን ተወ። «ልጄ፣ ዘራሁ፣ አልዘነበም። ለዘር ያስቀመጥኩትን በላን። በጌን ገበያ ባወጣ፣ ለካ ሁሉም በጉን አውጥቷል፤ በግ ረከሰ። ወደ እህል ተራው ብሄድ፣ ሁሉም ገዢ ሆኗል፤ እህል ተወደደ። ከበግ ተራ እህል ተራ እስክደርስ ደኸየሁ።»

«የእኔ በጎችም የአባቴ ውርስ ናቸው እንጂ ልጅ ስለመጠንኩ የመጡ አይደሉም» አለ አባይነህ። «ግን ወንድሜ፣ ያልከውም ውሸት አይደለም። መሬቴን ለዘጠኝ ባካፍለው ለእያንዳንዳቸው የሚደርሳቸው የመቃብር ያህል ነው። እሱን ሳስብ እንቅልፍ ያጣሁበት ቀን አለ።»

ትዕዛዙ ሥዕሉን ጠቀለለ። ወዳጆን ለማንም አልከሰሰም፤ እስክሪብቶ አውጥቶ የሰባቱን ስም ሰረዘና ወደ አባታቸው ቤት መለሳቸው። መምሬ ደግሞ ለሐሰት ምስክርነቱ ንስሐ እንዲሆነው ብለው ለወዳጆ አርባ ስግደት ሰጡት።

ስንዴው የደረሰው በሐምሌ ነው። ወዳጆ የሦስት ሰው ድርሻውን ተሸክሞ በጭቃው ሲወርድ፣ ጥሩሸዋ ከኋላው ትከተለው ነበር። ጆንያው ቢቀለውም ቁጭቱ ከበደው።

«አንቺ ሴት፣ ምላስሽን ብትይዥ ኖሮ ይኼኔ አህያ ተከራይተን ነበር። ሰባት ድርሻ! ሰባት!»

«ሰባት ልጅ ተሰርዞብህ እንባ ያልወጣህ ሰውዬ፣ ለሰባት ድርሻ ስንዴ ልታለቅስ ነው?» አለችው።

ወዳጆ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ጆንያውን ቋጥኝ ላይ አሳርፎ ጎኑን ያዘ። ጥሩሸዋም አጠገቡ ቁጭ አለች። ስንዴው በካፊያው እንዳይርስ ነጠላዋን ለጆንያው አለበሰችና አብራው ሳቀች።