የታጠበ ሽንኩርት

ሀምዲያ እባላለሁ፤ ድሬ ላይ ሽንኩርት ስነግድ ሃያ ዓመቴ ነው። ምላሷ ስለት ነው ይሉኛል፤ አልዋሽም፣ ነው።

አምና ደላላውን ትቼ በቀጥታ ከገበሬው ልግዛ ብዬ ዋሂል የሚባል ገጠር ድረስ ሄድኩ። ደላላ አንገብግቧቸው ስለነበር ማንም አላመነኝም። በመጨረሻ ሼህ አብዲቃድር የሚባሉ ሽማግሌ፣ "እኔ ልሞክራት" አሉ። አሥራ ስምንት ጎረቤቶቻቸው የእሳቸውን አይተው ሊወስኑ ተስማሙ። የኔም እንጀራ በእሳቸው ላይ ተንጠለጠለ።

በቀጠሯችን ቀን አሥር ጆንያ ይዘው መጋዘኔ ደረሱ። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው መኪና ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። አንዱን ጆንያ ፈትቼ እጄን ብሰድ እርጥብ ነው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው።

"አባ፣ ሽንኩርት እንደ ሰሃን ይታጠባል እንዴ? በዚህ ሙቀት መንገድ ላይ ይበሰብሳል እኮ" አልኩ፣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ።

"ደላላው ከማሳ ላይ አፍሶ ነበር የሚሄደው" አሉ ቀስ ብለው። "በእጄ ለሰው ሳስረክብ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ወደ ሰው ቤት የሚሄድ ነገር ከነአፈሩ አይላክም ብዬ ነው፣ ልጄ። ውሃው ሩቅ ነው። እኔና ባለቤቴ ሃዎ ሁለት ቀን በአህያ አመላለስን።"

ወላሂ አፈርኩ። ደርቆ ይምጣ ብዬ ያልነገርኳቸው እኔው ነኝ። ሾፌሩን አብሺርን፣ "የጭነት ቦታዬን ለሌላ ስጥ፣ ሂድ አቦ" አልኩት። ሽንኩርቱን በተስማማነው ዋጋ ተቀበልኩና ሸራ አንጥፈን፣ እኔና ሼሁ ቁጢጥ ብለን ስናገላብጥ ዋልን። ይቅርታ ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸው ባዶ ጆንያቸውን አጣጥፈው ተነሱ፤ ይሄ ደግሞ ከስድብ ይብሳል። ሲሄዱ፣ በቃ፣ አሥራ ዘጠኙንም ቤት አጣሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

በሳምንቱ አንድ አይሱዙ መጋዘኔ በር ላይ ቆመ። የአሥራ ዘጠኝ ቤት ሽንኩርት ጭኗል፤ ደረቅ፣ ከነአፈሩ። ሼሁ ከጋቢናው ወርደው ትንሽ ፌስታል አቀበሉኝ። ውስጡ ሰባት ሽንኩርት አለ፣ ታጥቦ የጠራ።

"ያኛው ለገበያ ነው" አሉኝ። "ይሄ ለቤትሽ።"

ሃያ ዓመት ስነግድ ለቤቴ ብሎ ሽንኩርት የላከልኝ ሰው የለም። ያን ዕለት ሳልልጠው አስለቀሰኝ።