አምስት እትም የኖረው ሰባት-ፊት

ትሪሎክ ሳክሴና በባሬሊ ከተማ የመብራት ቢሮ ውስጥ የቆጣሪ አቤቱታ ይቀበላል። ከቢሮ ሲወጣ ደግሞ በተራው አቤት የሚልበት ቦታ አለው፤ በስልኩ ላይ ያለው የጠፉ ኮሚኮች፣ ማለትም በሥዕል የሚተረኩ የልጆች መጻሕፍት፣ ወዳጆች ቡድን። ሁለት መቶ አሥራ አራት አባላት አሉት። ሁሉም ከአርባ ያለፉ፣ አብዛኞቹ መላጣ፣ የሚስታቸውን የልደት ቀን ቢጠየቁ ላብ ላብ የሚላቸው፣ ግን የትኛው አሳታሚ በየትኛው ወር እንደተዘጋ በእንቅልፍ ልባቸው የሚነግሩህ ሰዎች ናቸው።

እዚያ ቡድን ውስጥ ሁሉም የየራሱ ሟች አለው። አንዱ ዘጠኝ እትም ለኖረ ያለቅሳል፣ ሌላው አራት እትም ለኖረ። ዕድሜው ባጠረ ቁጥር ለቅሶው ይበረታል። ከእነዚያ መጻሕፍት አንዱ እንኳን እስከ ዛሬ ቢታተም ኖሮ ዘወር ብሎ የሚያየው አልነበረም።

የትሪሎክ ሟች «ሱርካብ ኮሚክስ» ይባላል። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለ፣ በአንድ በጋ አምስት እትም ወጥቶ ቀረ። ጀግናው ሰባት-ፊት ነው። ገጽ አንድ ላይ ጢማም፣ ገጽ አምስት ላይ ጢም አልባ። ፈረስ ላይ ይወጣና ከሞተር ብስክሌት ይወርዳል። ዋሻ ሲገባ ቀጭን፣ ሲወጣ ወፍራም። ይህን ትሪሎክ «በአገራችን እንዲህ ጥልቀት ያለው ጀግና አልተፈጠረም» እያለ ለቡድኑ በረጅሙ ሲጽፍ ኖሯል።

ችግሩ፣ ከእሱ በቀር ያየው የለም። የቡድኑ አለቃ ቲያጊ፣ ጡረታ የወጣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ፣ አራት ሺህ ኮሚክ በላስቲክ አሽጎ የልጅ ልጆቹን የማያስነካ ሰው፣ ፍርዱን ሰጠ። ሱርካብ የሚባል በየትኛውም ዝርዝር የለም። ሽፋኑ ልጆች በክር አስረው በነፋስ በሚያበርሩት በካይት ቀይ ወረቀት ነበር ማለት ደግሞ ቅዠት ነው፤ በዚያ ስስ ወረቀት የሚያትም ማተሚያ ቤት የለም። «ትሪሎክ ወንድሜ፣ ያንተ ነገር ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው» ብሎ ደመደመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ስሙ «ባለላሙ» ሆኖ ቀረ። ስለ ሌላ መጽሐፍ እንኳን ሲመሰክር «ይሄንንም ያየኸው ሰማይ ላይ ነው?» ይሉታል። ሳቁ ያቃጥለው ነበር። ሰው ሥራህን ቢያጣጥል ትከራከራለህ፤ ልጅነትህን ውሸት ነው ሲልህ ግን በምን ትከራከራለህ?

በቅርቡ ቲያጊ የቡድኑን መዝገብ ሊያሳትም ተነሣና ማስጠንቀቂያ ሰጠ፦ ትሪሎክ እስከ እሑድ አንዲት ገጽ ካላመጣ ከቡድኑ ይሰረዛል።

ሚስቱ ማንጁላ ይህን ስትሰማ፣ ከተሰረዘ በደስታ ጣፋጭ ለጎረቤት እንደምታድል ነገረችው። ቀጥላም ሽንኩርቷን እየከተፈች፣ በልጃቸው ስም ጠርታ «የቪዱሺ አባት፣ ኮሚኩን ያከራየህ ሰውዬ ሞቷል እንዴ?» አለችው።

ሁለት መቶ አሥራ አራት አዋቂዎች በሦስት ዓመት ያላሰቡት ነገር ይኸው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ድሮ ሰፈሩ ሄደ። ናፊስ ሚያን፣ ሰፈሩ ሁሉ ቻቻ፣ አጎቴ፣ የሚላቸው፣ በድሮው ጊዜ ካይት እየሠሩ ከሱቃቸው ፊት በገመድ ላይ ኮሚክ አንጠልጥለው ያከራዩ ነበር። አሁን ሰማንያ አልፏቸዋል፤ የልጅ ልጃቸው የሞባይል ካርድ ከሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል፣ ስሙን ሲናገር ግን አወቁት። ጉዳዩን ሲነግራቸው ገብተው የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ወጡ።

ውስጡ ቀይ ሽፋን ያለው ሱርካብ፣ ቁጥር አምስት ነበር።

ትሪሎክ መጽሐፉን ብድግ አደረገው። በዓይነ ሕሊናው ቲያጊ ሲንበረከክለት አየ። ከዚያ ገለጠው። ሦስት ዓመት ከአዋቂዎች ጋር መዋል ክፉ ነው፤ ወዲያው ገባው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ከአንድ አሳታሚ፣ ቀጣዮቹ ከሌላ፣ ዋሻው ከሦስተኛ። መሐሉ በካይት ክር የተሰፋ። ፊት ከፊት አልገጥም ባለበት ቦታ በእስክሪብቶ ጢም ተጨምሯል።

«ቻቻ፣ እርስዎ ነዎት የሠሩት?»

ሽማግሌው አልካዱም። ልጆች መጽሐፍ ይቀድዱ ነበር፤ የተቀደደውን መጣል ግን እሳቸው አልሆነላቸውም። ትሪሎክ ደግሞ የሱቁን ሁሉ አንብቦ ጨርሶ፣ በየጠዋቱ እየመጣ ባዶ እጁን ይቆም ነበር። አዲስ የሚመጣው በወር አንዴ ነው። ቁርጥራጩ እስከ ቁጥር ሦስት በቃ። ለአራትና ለአምስት ደህና ደህናውን መቅደድ ጀመሩ።

«ደህናውን?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ደንበኞቹ ‹መጽሐፉ ሆድ የለውም› እያሉ መለሱልኝ። ዝናቡ ሳይገባ ሱቁ ተዘጋ።»

ትሪሎክ ሱርካብን ስንት ሰው እንዳነበበው ጠየቀ።

«አንተ» አሉት። «ሌሎቹ ገና ሲገልጡት ሳቁብኝ። አንተ አልሳቅህም። ‹ሰውዬው ፊቱን እንዴት ነው የሚቀይረው?› ብለህ ጠየቅኸኝ። ሰባት-ፊት ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው።»

ትሪሎክ ሠላሳ ሰባት ዓመት አሳታሚውን ሲረግም ኖሯል፤ ጨክኖ ዘጋው፣ አንባቢ ናቀ እያለ። ለካ ሱቁን የበላው እሱ ራሱ ኖሯል። አፈረ፤ እንደዚያን ቀን ተወድዶ እንደማያውቅም ተሰማው።

ፎቶ ሊያነሳ ስልኩን አወጣ። ሽማግሌው ቆባቸውን አስተካከሉ።

«እነዚያ ሰዎች ትልልቅ ናቸው?»

«ትልልቅ ናቸው ቻቻ። የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሁሉ አለበት።»

«እንግዲያ ላክላቸው። ያሳተመው የባሬሊው ናፊስ ነው በላቸው።»

ትሪሎክ ቲያጊን ያውቀዋል። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ እያንዳንዷ ገጽ ከየት እንደተቀደደች ከነወሩ ይዘረዝራል። ከዚያ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት መላጣ ይስቃል። ያኔ በእኚህ ሰው ላይ ልጆቹ እንደሳቁት።

ፎቶውን ትቶ ጻፈ፦ «ተሳስቻለሁ። ሱርካብ የሚባል ኮሚክስ ኖሮ አያውቅም። የልጅ ሕልም ነው።»

ስልኩ ወዲያው ይንጫጫ ጀመር። ቲያጊ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብሎ ላከ፤ ከሥሩ የሚስቁ ፊቶች ተሰለፉ። ናፊስ ሚያን ጆሯቸውን ወደ ጩኸቱ አዘነበሉ።

«ምን አሉ?»

ትሪሎክ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ስድስተኛው መቼ ይወጣል እያሉ ነው።»

ሽማግሌው ቆርቆሮውን በሁለት እጃቸው ከደኑ።

«ወረቀት አልቆብኛል በላቸው» አሉ።