ብሩሽና ነጯ ነጥብ

ሰፈሩ «ብሩሽ» ይላታል። ከባሏ ጋር ፎቶ ቤት አላቸው። ዓለም ሁሉ በስልኩ ሲነሳ እነሱ አሁንም በፊልም፣ በጥቁርና ነጭ ያነሳሉ፤ እንዲህ ካልተነሳ ፎቶ የማይመስለው ደንበኛም አላጡም። የሚያነሳው ባልየው ነው። ሰው ሳይዘጋጅ ድንገት እያበራ ስለሚያስደነግጥ ስሙ «ብልጭታ» ሆኖ ቀርቷል። ብሩሽ ደግሞ ጨለማ ክፍል ገብታ ፎቶውን ታጥባለች፣ ሲደርቅም ታርማለች። ኔጋቲቭ በሚሉት የታጠበ ፊልም ላይ አቧራ ካረፈ ወረቀቱ ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል፤ እሷ የቀጭን ብሩሿን ጫፍ በከንፈሯ አሹላ ነጥቧን በቀለም ትሸፍናታለች።

ሙያውን ያስተማረቻት እናቷ ናት። «ነጭ ካየሽ ከየት መጣ ብለሽ አትመራመሪ፤ ሸፍኚና እለፊ» ትል ነበር። እናትየው በሕይወት የለችም። ወገቤን፣ ወገቤን እንዳለች ሄደች፤ በሽታው የማህጸን በር ካንሰር መሆኑ የታወቀው ነገሩ ካለቀለት በኋላ ነው።

ብሩሽ ራሷ የማህጸን በር ምርመራ የገባችው ወዳ አይደለም። ጉንፋን ልትታይ ጤና ጣቢያ ብትሄድ አንዲት ነገረኛ ነርስ ይዛ አስቀረቻት። ውጤቱ ሲመጣ «ጤነኛ ያልሆኑ ሴሎች ታይተዋል» ተባለና ወደ ሆስፒታል ተላከች። እዚያ የጠበቀቻት ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ሐኪም ነበረች።

«አሁን የማህጸንሽን በር አቼቶ እቀባዋለሁ» አለቻት ሐኪሟ። «የተበላሸ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይወጣል።»

ክፍሉ አቼቶ አቼቶ ሸተተ። ብሩሽ አልጋው ላይ እንደተጋደመች ሰውነቷን ብርድ ብርድ አላት። የገዛ ጨለማ ክፍሏ ሽታ ነው፤ ፎቶውም ከመታጠቢያው ሲወጣ አቼቶ ውስጥ ነው የሚነከረው። ዕድሜዋን ሙሉ ምስል እስኪወጣ ስትጠብቅ ኖራ፣ ዛሬ ምስሉ እንዳይወጣ ስትለምን ራሷን አገኘችው።

ሐኪሟ በማጉያው አየች። ጠበቀች። ደግማ አየች።

«ምንም አይታየኝም።»

«እልል! ተመስገን!»

«ቆይ የኔ እህት፣ አትቸኩዪ። ሴሎቹ አለ ይላሉ፣ ዓይኔ የለም ይላል። በሩ ወደ ውስጥ የሚገባ ጠባብ መተላለፊያ አለው። እዚያ ተሸሽጎ ከሆነ እኔ ከውጭ ሆኜ አላየውም። በሚቀጥለው ሳምንት ነይና ከውስጥ ናሙና እንውሰድ።»

«ዶክተር፣ እርስዎ በዚህ ሁሉ መነጽር ፈልገው ካጡት፣ የለማ!»

«ያጣሁት ስለሌለ ይሁን ስለተደበቀ አላውቅም» አለች ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች። «እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።»

ብሩሽ ግን የፈለገችውን ሰምታ ለቀረው ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ወጣች። ቤት ስትደርስም «ምንም አይታይም አሉኝ» አለችው ባሏን። ውሸት አይደለም፤ እውነት ነው ለማለትም ድፍረት ይጠይቃል።

«እኔስ ምን አልኩ? አንቺን በሽታውም ይፈራሻል!» ብሎ ሳቀ ብልጭታ።

ቀጠሮው አለፈ። በዚያው ሰሞን ብልጭታ ለሱቁ መስኮት የሚሆን ብሎ ብሩሽንና ታናሽ እህቷን ጎን ለጎን አቁሞ አነሳቸው። ብሩሽ አጠበችው። ቆንጆ ፎቶ ነበር። የእሷ ቀሚስ ላይ ብቻ፣ ከመቀነቷ ዝቅ ብሎ መሐል ላይ፣ አንዲት ነጭ ነጥብ ወጥታለች። እንደ ልማዷ ብሩሿን አሾለች፣ ሸፈነቻት፣ መስኮቱ ላይ ሰቀለችው።

ጠዋት ሱቁን ስትከፍት ነጥቧ ተመልሳለች።

«ቀለሙ አርጅቶ ነው» አለ ብልጭታ።

በአዲስ ቀለም ሸፈነቻት። በማግስቱም እዚያው ናት፤ እንዲያውም ሰፋ ያለች መሰላት። ኔጋቲቩን ጠርጋ በማጉያ መረመረችው፤ አቧራ የለም፣ ጭረት የለም። እንደገና አተመች። ነጭ ነጥብ። ኔጋቲቩ የለም ይላል፣ ወረቀቱ አለ ይላል። ይህን ነገር የት ነው የሰማሁት ብላ ስታስብ የሐኪሟ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ።

ያን ዕለት ቀትር ላይ ብቻዋን ነበረች። ብሩሿን አሹላ ነጥቧን ልትሸፍን ስትል ግድግዳው ላይ ያለው የእናቷ ፎቶ ላይ ዓይኗ አረፈ። ከመስኮቱ በጎን የገባው ብርሃን ወረቀቱ ላይ ተንሸራቶ፣ ከእናትየው መቀነት ዝቅ ብሎ ያለችውን አንዲት ቦታ ለይቶ አበራት። የእርማት ቀለም ሲደርቅ የሚያወጣው ወዝ ነው። የገዛ ሙያዋን አትስተውም።

ፎቶውን አውርዳ ከመስታወቱ አወጣችው፤ ውሃ ውስጥም ነከረችው። የእርማት ቀለም ውሃ ካገኘው ይለቃል። ጠበቀች። ቀለሙ እንደ ጭስ እየሳሳ ውሃው ውስጥ ተበተነ፤ ከስሩም ነጭ ነጥብ ብቅ አለች፤ በዚያው ቦታ፣ በዚያው መጠን። ያችን ፎቶ ያረመቻት እናቷ ራሷ ናት፤ ያኔ ቤት ውስጥ ሌላ አራሚ አልነበረም። አይታታለች። አይታ፣ ብሩሿን በከንፈሯ አሹላ፣ ሸፍናት አለፈች።

«እማዬ፣ ምነው?» አለች ብሩሽ። ከውሃው ውስጥ እናቷ እንደ ሁልጊዜው ፈገግ ብላ ታያታለች። ክፍሉን የአቼቶ ሽታ ሞላው፤ አቼቶው ግን እንደተከደነ ነበር። ሱቁን እንኳ ሳትዘጋ እግሬ አውጪኝ ብላ ወጣች።

«ቀጠሮሽ አልፏል» አለች ሐኪሟ ስታያት።

«አውቃለሁ። ዶክተር፣ በሽታው አለ። ከውስጥ ይፈልጉልኝ።»

«ደም አየሽ? አመመሽ እንዴ?»

«የለም። ብቻ ይፈልጉት።»

ሐኪሟ ጥያቄ አላበዛችም። ከመተላለፊያው ውስጥ ናሙና ወሰደች፤ ውጤቱ ሲመጣ ብሩሽን ከአጠገቧ አስቀምጣ ነገረቻት። ካንሰር ነው። ገና ጅማሬው ላይ ነው፣ ከውጭ ዓይን ሊደርስበት የማይችል ቦታ ነው የተቀመጠው፤ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው የደረስሽው» አለቻት። ብልጭታ ኮሪደር ላይ እንደ ልጅ ተንሰቅስቆ አለቀሰ፤ «ይፈራሻል» ባለው አፉ ማፈሩን ራሱ ተናገረ።

ቀዶ ሕክምናው በደህና አለፈ፤ ተቆርጦ የወጣው ሥጋ ዳሩ ጥርት ብሏል፣ የቀረ ካንሰር የለም ተባለ። ብሩሽ አገግማ ሱቅ ስትመለስ መጀመሪያ ያደረገችው ያንን የእህትማማቾች ኔጋቲቭ አውጥታ እንደገና ማተም ነው። ወረቀቱን አቼቶው ውስጥ ከታ ጎንበስ ብላ አየች። የእሷ ቀሚስ ላይ ምንም የለም። ጥርት ያለ ጥቁር ነው። ትንፋሿን ለቀቀች።

ከዚያ ዓይኗ ወደ ጎን ሄደ። የታናሽ እህቷ ቀሚስ ላይ፣ ከመቀነቷ ዝቅ ብሎ፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ ነበረች።

«አይ፣ ትንሽ አቧራ ናት» አለ ከኋላዋ የቆመው ብልጭታ፤ እንደ ልማዱም ብሩሹን አቀበላት። «ጠቅ አድርጊያት።»

ብሩሽ ብሩሹን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ስልኳን አወጣች።

«ነገ ሥራ አትግቢ» አለቻት እህቷን። «አብረን የምንሄድበት አለ።»

«ሆስፒታል እንዳትዪኝ ብቻ! እኔ እኮ ምንም አላመመኝም።»

«እኔንም አላመመኝም ነበር።»